ሕግና ዓቃቤው፦ የኢትዮጵያ የአካባቢ ጥበቃ ሕጎች ዳሰሳ

በሀገራችን ወንዝ ተበከለ፣ ደን ተመነጠረ፣ አፈር በጎርፍ ታጠበ በተባለ ቍጥር ከሊቁም ከተራውም ሰው አንደበት ፈጥኖ የሚወጣው ቃል «ሕግ የለም ወይ?» የሚለው ነው። የነጋሪት ጋዜጣን ጥራዞች ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አንሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ በትዕግሥት ላገላበጠ ሰው ግን መልሱ የሚያከራክር አይደለም፤ ሕጉ አለ፣ በአንዳንዱም አንቀጽ እጅግ ደፋር ነው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የሕጉን ታሪክ ከሥሩ፣ ማለትም በወረቀት ላይ ሳይሰፍር በልማድና በቃል ብቻ ይጠበቅ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ መከተል ያስፈልጋል።

ቀደምት አባቶቻችን ስለ ሥነ ፍጥረት ጥበቃ የተለየ መጽሐፈ ሕግ አልጻፉም። ይሁን እንጂ አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት መሆኑን የተማሩ ካህናትና ምእመናን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዐጸድ ከሕንጻው ጋር አንድ አድርገው በመቍጠር፣ ዛፉን ማንም በምሳር እንዳይነካው ለልጅ ልጅ አውርሰዋል፤ ዛሬም በደቡብ ጎንደርና በጎጃም ደጋዎች የሚጓዝ መንገደኛ፣ ዙሪያው ሁሉ ታርሶና ተራቍቶ ሳለ በመካከሉ የጽድ፣ የወይራ፣ የኮሶና የዋንዛ ጥቅጥቅ ደን ባየ ጊዜ፣ በዚያ ታቦት እንዳለ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ሕግን ለሚመረምር ሰው ከዚህም ይልቅ የሚያስተምረው የመንዝ ጓሳ ነው። ይህ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ የሣር አምባ፣ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ ዝንጀሮ መኖሪያ፣ የብዙ ምንጮችም መነሻ ሲሆን፣ አገሬው እንደሚተርከው ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዐት ሲጠበቅ ኖሯል። ሥርዐቱም ባለርስቶቹ ከመካከላቸው አለቃ መርጠው፣ ጓሳውን ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ዘግተው፣ ሣሩ እስኪጎለምስ ድረስ ማንም ከብቱን እንዳያሰማራበት፣ ማንም ማጭድ እንዳያነሣበት የሚከለክሉበት፣ ጊዜው ሲደርስም አዋጅ ነግረው፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናም መከላከያ ለሚሆነው ገሳ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሰው በሥርዐት እንዲያጭድ የሚፈቅዱበት ነው። በርግጥ ይህ ሥርዐት ለሁሉ እኩል ፍትሕ የሰጠ አልነበረም፤ ጓሳው ከአቅኚ አባቶች የሚወለዱ ተወራሾች እንጂ የሌላው አልነበረምና። ሆኖም ሕጉን ያወጣው፣ የጠበቀውና በሕጉ የፈረደው አንድ ሕዝብ ስለ ነበረ፣ በተጣሰ ጊዜ ከሳሽ መፈለግ አላስፈለገም፤ ሣሩ የሚጎድልበት ሁሉ ከሳሽ ነበርና። ይህን ነጥብ አንባቢው በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምናያቸው አዋጆች ሁሉ የሚመዘኑበት ሚዛን ነውና።

በወረቀት ከሰፈሩት ዘመናዊ ሕጎች መካከል ቀድሞ ሊጠቀስ የሚገባው በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚናገር ምዕራፍ ባይኖረውም፣ በአንቀጽ 1225 ባለይዞታው በመሬቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ነውጥ እንዳያደርስበት ያዝዛል። ይህ ድንጋጌ ዛሬም የጸና ሲሆን፣ ለእኔ ከኋለኞቹ ረጃጅም አዋጆች ሁሉ ይልቅ ለሕዝቡ ኅሊና የቀረበ ሆኖ ይታየኛል፤ የጥፋቱን መጠን የሚለካው በመሣሪያ ሳይሆን በጉርብትና ወግ ስለ ሆነ፣ ባልቴቷም ዳኛውም እኩል ይረዱታል። ድካሙ ግን ጎረቤትን እንጂ ወንዝን፣ አየርን፣ ገና ያልተወለደውንም ትውልድ የማይጠብቅ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1957 ዓ.ም. የመንግሥትን ደን፣ የግልን ደንና የመከላከያ ደንን የሚመለከቱ ሦስት አዋጆች፣ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ የዱር አራዊት ጥበቃ ትእዛዝ ወጡ። እነዚህ ሕጎች የደኑና የአውሬው ባለቤት ማን እንደ ሆነ በጥንቃቄ ሲለዩ፣ በደኑ ጥግ ስለሚኖረው፣ ማገዶውንና ማሩን ከዚያ ስለሚያገኘው ሰው የተናገሩት ጥቂት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ በታወጀ ጊዜም፣ ለጭሰኛው ታላቅ ነጻነት የሆነው ያ ለውጥ ለጓሳ ሌላ መልክ ነበረው፤ የቄሮው አለቃ ሥልጣን ከርስቱ ጋር አብሮ ተሻረ፣ ጓሳውም የሁሉ ሲሆን የማንም ሳይሆን ቀረ፣ ሣሩም ያለ ወቅቱ ታጨደ። የመንዝ ገበሬዎች በየገበሬ ማኅበሩ ተመካክረው ኮሚቴ አቋቁመው ጥበቃውን በአዲስ መልክ እስኪመልሱት፣ በመጨረሻም ክልሉ ስፍራውን በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ብሎ እስኪያውቅላቸው ድረስ ረጅም ዘመን አልፏል። በ1972 ዓ.ም. የወጣው የደንና የዱር አራዊት ጥበቃ አዋጅም ጥበቃውን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ አላወጣውም።

ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የነገሩን መሠረት ለወጠው። በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና በጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ መንግሥት በሚያካሂደው ሥራ ከቀየው የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰውም ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ሌላ ማካካሻ እንደሚገባው ደነገገ፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ የልማት ሥራ አካባቢን እንዳያጠፋ፣ ሕዝቡም በዕቅዱና በአፈጻጸሙ ሐሳቡን እንዲሰጥበት፣ ጥበቃውም የመንግሥትና የዜጋ የጋራ ግዴታ እንዲሆን አዘዘ። ነገር ግን ሁለቱ አንቀጾች የተቀመጡበት ስፍራ አንድ አይደለም፤ የፊተኛው በመሠረታዊ መብቶች ምዕራፍ ውስጥ ሲገኝ፣ ስለ ምክክር የሚናገረው የኋለኛው በፖሊሲ ዓላማዎችና መርሆች ምዕራፍ ነውና፣ በችሎት ፊት የሚኖራቸው ክብደት እኩል አይሆንም። በዚህ ላይ የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት፣ በሕጉ መሠረት የማስተዳደሩ ሥራ ደግሞ ለክልሎች ስለ ተከፈለ፣ ሁለት ክልሎችን አቋርጦ የሚሄድ አንድ ወንዝ በአንዱ ሲበከል የሚጠየቀው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ አስቸጋሪ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚያው በነሐሴ 1987 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቍጥር 9 ተቋቋመ፤ መጋቢት 24 ቀን 1989 ዓ.ም. የአካባቢ ፖሊሲው ጸደቀ። የሕጉ ዋና አካል ግን የተሠራው በ1995 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በጥቅምት የአካባቢ ጥበቃ አካላት ማቋቋሚያ አዋጅ ቍጥር 295 ወጣ፤ ኅዳር 24 ቀን ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቍጥር 299ና የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 በአንድ ቀን ታወጁ። የመጀመሪያው በየክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት፣ በየመንግሥት ተቋሙም የአካባቢ ክፍል እንዲኖር ያዝዛል፤ ሁለተኛው ታላላቅ ሥራዎች ሳይጀመሩ የሚያስከትሉት ጉዳት አስቀድሞ እንዲመረመር፣ የግምገማው ሰነድም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም ይህ መፈጸሙን ሳያረጋግጥ ፈቃድ እንዳይሰጥ ያስገድዳል። ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። የአካባቢ ተቈጣጣሪ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ፋብሪካ ግቢ እንዲገባ ሥልጣን ከሰጠው በኋላ፣ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ እርሱን በግል የነካው መሆኑን ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት እንደሚችል ይደነግጋል። ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን አይችልም የሚለውን የቈየ የሥነ ሥርዐት ሕጋችንን መርሕ ይህ አንቀጽ ለወንዝና ለአየር ሲል አልፎታል፤ በመንዝ ጓሳ የነበረውን፣ ሁሉ ከሳሽ የሆነበትን ሥርዐትም ለመላው ሀገር የሚመልስ ድንጋጌ ነው።

ይህ አንቀጽ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው፤ ፍሬው ግን ከተስፋው ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ለመረዳት ነገሩን ከወንዙ ዳር ሆኖ መመልከት ይሻላል። በአቃቂ ወንዝ ዳር ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን እያጠጣች፣ ጠዋት ጠዋት አጥባ ለከተማው ገበያ የምታወርድ አንዲት ሴት አለች እንበል። ከእርሷ በላይ የቆዳ ፋብሪካ አለ። ጥሬው ቆዳ መጀመሪያ ከጨው ታጥቦ፣ በኖራና በሰልፋይድ ተዘፍዝፎ ጠጕሩ ይነቀላል፤ ከዚያም በክሮሚየም ጨው ይለፋና ሰማያዊ መልክ ይይዛል፤ ማጣሪያ ከሌለ ወይም ማጣሪያው ካልሠራ፣ ጨዉም፣ ኖራዉም፣ የበሰበሰ እንቍላል የሚሸተው ሰልፋይዱም፣ ቆዳው ያልመጠጠው ክሮሚየምም ሁሉ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ሴቲቱ ውሃው አንድ ቀን ነጥቶና አረፋ ይዞ፣ ሌላ ቀን ወደ ሰማያዊ አድልቶ ሲወርድ ታያለች። ሕጉ አቤት በይ ይላታል። አቤቱታዋን የምታጽፈው በማን ገንዘብ ነው? ከላይ ፋብሪካዎቹ ብዙ ሲሆኑ ጉዳቱን ያደረሰው የትኛው መሆኑን፣ በውሃው ውስጥ ያለውም ምን መሆኑን የምታስረዳው በየትኛው ቤተ ሙከራ ነው? አዋጁ የመክሰስ መብት ሲሰጣት የማስረዳቱን ሸክም ከትከሻዋ አላወረደላትም፤ በልማዱ በፍትሐ ብሔር ሙግት ያለውን የሚያስረዳ ከሳሹ ነውና። ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ናሙና ቀድቶ ካልመረመረላት በቀር የ30ውም የ60ውም ቀን ቍጥር ለእርሷ ባዶ ነው።

በ1990ዎቹ ማብቂያ አንድ የሰብአዊ መብት ማኅበር የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች መበከል ምክንያት አድርጎ ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወስዶት ነበር። ማኅበሩ የከሰሰው ፋብሪካዎቹን ሳይሆን ሊቈጣጠር የተሾመውንና አልተቈጣጠረም ያለውን ባለሥልጣን ነው፤ ክሱም ውድቅ ሆነ። የፍርዱን አግባብ የሕግ ሊቃውንት በየመጽሔቱ ተከራክረውበታል። በእኔ አስተያየት ግን ከፍርዱ ይልቅ የሚያሳዝነው ከእርሱ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቍጥር 621 ከውጭ ሀገር ከ10 በመቶ በላይ ገቢ የሚያገኙ ማኅበራት በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ስለ ከለከለ፣ ያንን ፈለግ ተከትሎ በተሻለ ተከሳሽና በተሻለ ማስረጃ ሊቀርብ የሚችል ከሳሽ እንዳይገኝ ሆነ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በተሻለ አዋጅ ተተካ፤ ነገር ግን የሙግት ልምድ አንዴ ከተቋረጠ ቶሎ አይመለስም።

በዚያው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቍጥር 159 ደግሞ ነባር ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ከተወሰነው ልክ በታች እንዲያደርጉ የ5 ዓመት ጊዜ ሰጣቸው። ማጣሪያ ለመሥራት ገንዘብና ዕውቀት ያስፈልጋልና ጊዜ መስጠቱ ከርትዕ የራቀ አልነበረም። ሆኖም 5ቱ ዓመት በ2006 ዓ.ም. ተፈጽሞ ሳለ፣ በአቃቂና በሞጆ ዳርቻ የሚኖር ሰው የወንዙን መጥራት በዓይኑ አላየም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የዓቃቤው ሁኔታ ነው። በ1987 ዓ.ም. ባለሥልጣን የነበረው መሥሪያ ቤት በ2005 ዓ.ም. የአካባቢና ደን ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. የአየር ንብረት ለውጥ በስሙ ተጨመረበት፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ ኮሚሽን ወረደ፤ በ2014 ዓ.ም. ደኑ ተለይቶለት እንደ ገና ወደ ባለሥልጣንነቱ ተመለሰ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም መለወጡ በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን በተለወጠ ቍጥር ባለሙያው ይበተናል፣ መዝገቡ ይዛወራል፣ ከፋብሪካው ጋር የተጀመረው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከማን እጅ እንደ ደረሰ ይጠፋል፤ የሚቈጣጠራቸው ፋብሪካዎችና እርሻዎች ግን በስፍራቸው ጸንተው ይቈያሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ይከብዳል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዶችን የመመርመርና የማጽደቅ ሥልጣን ከባለሥልጣኑ ወደ ዘርፍ ሚኒስቴሮች በውክልና ተላለፈ፤ ማዕድን እንዲቈፈር የሚተጋው መሥሪያ ቤት የማዕድኑን ጉዳት፣ እርሻ እንዲስፋፋ የሚተጋው የእርሻውን ጉዳት እንዲመረምር ሆነ ማለት ነው። ማንም በጉዳዩ ጥቅም ያለው ሰው ዳኛ ሆኖ አይሰየምም የሚለውን ፍትሐዊ መርሕ አባቶቻችን በሽምግልና ሸንጎ እንኳ ያከብሩት ነበር። የባለሥልጣኑ ባለሙያ ቍጥር ከፕሮጀክቶቹ ብዛት ጋር አለመመጣጠኑ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ባለሙያ መጨመር እንጂ የምርመራውን ወንበር ለተመርማሪው ወገን ማስረከብ አልነበረም።

የቅጣቱን ነገር ደግሞ ማንም ሰው በቀላሉ ሊያሰላው ይችላል። ያለ ፈቃድ ሥራ የጀመረ ወይም በግምገማው ሰነድ ሐሰት የጻፈ ሰው በአዋጅ ቍጥር 299 መሠረት ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። ይህ በ1995 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ9 ብር በታች በሚመነዘርበት ዘመን ከ11,000 ዶላር በላይ ስለ ነበረ ባለሀብትን የሚያስደነግጥ ገንዘብ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ያው ከፍተኛ ቅጣት 1,000 ዶላር እንኳ አይሞላም፤ ለአንድ የአበባ እርሻ ወይም ለአንድ የማዕድን ድርጅት ማስታወቂያ ለማሳተም የሚወጣ ወጪ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 519 በካይን እስከ 5 ዓመት፣ ጉዳቱ ከባድ ሲሆንም እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ሊቀጣ እንደሚችል ይናገራል፤ ከፊተኛው ቅጣት ጎን ግን ከ10,000 ብር የማይበልጥ መቀጫን አማራጭ አድርጎ አስቀምጧል። በገንዘብ የተጻፈ ቅጣት የገንዘቡን ዋጋ ተከትሎ እንዲሻሻል የሚያዝዝ አንቀጽ አለመኖሩ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ጕድለት አይደለም።

በመሬት በኩል በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 456፣ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1324 እስኪተካ ድረስ፣ ከ30 እስከ 60 በመቶ ተዳፋት ያለው መሬት እርከን ካልተሠራበት በቀር ለዓመታዊ ሰብል እንዳይታረስ፣ ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ደግሞ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ ፈጽሞ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በሳይንስ ፊት ይህ ትክክል ነው። በሰሜን ሸዋና በወሎ ገደላገደል ላይ በሬው እንኳ መቆም በሚያቅተው ስፍራ ገብስ የሚዘራው ገበሬ ግን ይህን የሚያደርገው አፈሩ እንደሚሄድ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ከዚያ ሌላ የሚያርሰው ስለሌለው ነው። ሌላ መተዳደሪያ ሳይሰጥ የሚከለክል ሕግ የቀበሌውን ሹም በጎረቤቱ ላይ እንዲጨክን ወይም ዓይኑን እንዲጨፍን ያስገድደዋል፤ አብዛኛው ሹም ዓይኑን ጨፈነ፣ በዚህም እኔ አልፈርድበትም። እርከኑን በተፋሰስ ልማት የሠሩትና ገደሉን ከንክኪ ከልለው የሣሩን ጥቅም የተካፈሉት ቀበሌዎች ግን ሕጉን ከቅጣት ይልቅ በጥቅም አጽንተውታል።

ውሃን በሚመለከት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 197 ለመጠጥና ለቤት አገልግሎት የሚውለውን ውሃ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ፣ ታላላቅ ተጠቃሚዎች ፈቃድ እንዲያወጡ ያዝዛል፤ በእጅ የሚቈፈር ጕድጓድንና ባህላዊ መስኖን ግን ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። ለድኻው የታሰበ ነጻነት ነው፤ ነገር ግን በሐረማያ ሐይቅ ዳር በየጫቱና በየአትክልቱ ማሳ የውሃ ፓምፕ በተተከለ ጊዜ፣ ጥቂት ሲሆን የማይጎዳው ሲበዛ ሐይቅ እንደሚያደርቅ በ1990ዎቹ ታየ። የሐረማያ ውሃ ከዓመታት በኋላ መመለስ መጀመሩ ደስ ያሰኛል። የአቢያታ ሐይቅ ግን ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በተከለለ ስፍራ ውስጥ እያለ፣ ሶዳ አሽ ለማምረት ከራሱ በሚሳበውና ከላይ ከዝዋይ ሐይቅና ከቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ በሚጠለፈው ውሃ ምክንያት ስፋቱ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ፓርክ የሚባለው የሕግ አጥር ውሃው ከሚመጣበት ወንዝ ላይ ሥልጣን ከሌለው ሐይቁን ሊጠብቀው አይችልም።

ስለ ልውጥ ሕያዋን የወጣውን ሕግ ሳላነሣ ባልፍ የሀገሬን ክብር የነፈግሁ ይመስለኛል። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከምሥረታው ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የመሩት፣ በአድዋ አካባቢ የተወለዱት የዕፅዋት ሊቅ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ በጥር 1992 ዓ.ም. በሞንትሪያል ለጸደቀው የካርታኼና ፕሮቶኮል ድርድር የታዳጊ ሀገሮችን ወገን በመምራት ታላቅ ተጋድሎ አድርገዋል፤ በ2000 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቈጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማትም ተቀብለዋል። ሀገሩ የጤፍ፣ የቡናና የብዙ ሰብል ዝርያ መገኛ እንደ መሆኑ መጠን፣ በዚያ መንፈስ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቍጥር 655 እጅግ ጥብቅ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 896 ሲላላና ከሦስት ዓመት በኋላ ከሕንድ የመጣ ልውጥ የጥጥ ዘር እንዲዘራ ሲፈቀድ፣ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች ጥጥ መፈለጋቸው ምክንያት ሆኖ ቀርቧል። ስለ ጥጡ ጥቅም የሚከራከሩ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ገበሬው ስለ ማሳው በሚወስነው በዚህ ለውጥ ላይ የነበረው ድምፅ አነስተኛ መሆኑ ነው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን በ2015 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ሕጉ ሳይሠራ ሲቀር ሕዝቡ ራሱ በጎዳና የሚናገርበት ጊዜም አለ። በጉጂ በሻኪሶ ወረዳ የለገ ደምቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ በ2010 ዓ.ም. በታደሰ ጊዜ፣ ነዋሪዎቹ ከማዕድኑ የሚወጣው መርዛማ ዝቃጭ ልጆቻቸውንና ከብቶቻቸውን እንደ ጎዳ ለዓመታት ሲናገሩ ኖረው ሰሚ ስላጡ፣ መንገድ ዘግተው ተቃወሙ፤ መንግሥትም በዚያው ዓመት በግንቦት ፈቃዱን አገደ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ሥራው እንደ ገና ተጀመረ። የአንቀጽ 11 አቤቱታ በ30 ቀን መልስ የሚያገኝ ቢሆን ኖሮ ያ ሕዝብ ወደ መንገድ ባልወጣም ነበር።

የከተማን ቆሻሻ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ይመለከት የነበረው በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቍጥር 513 ነው። ይህም በቃሉ ጠንካራ ነበር፤ የቆሻሻ ማስወገጃ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ስፍራው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ በረጲ ቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን፣ ከእነርሱም ብዙ ሴቶችንና ሕፃናትን በየጎጆአቸው ውስጥ በቀበረ ጊዜ፣ በዚያ አዋጅ የተጻፈው ኃላፊነት በርኅራኄ ከሚሰጥ እርዳታ ተለይቶ በፍርድ ሊጠየቅ የሚገባው ነበር። እዚያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ቆሻሻውን እየለቀሙ ፕላስቲኩንና ብረቱን ለይተው የሚሸጡ፣ ከተማው ራሱ ያልሠራውን ሥራ የሚሠሩለት ነበሩ፤ የሕግ ከለላ ግን ከሁሉ ያነሰው ለእነርሱ ሆነ።

ያው አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነና የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። በመርካቶ አንድ ጥቅል ፌስታል ይዞ የቆመን ነጋዴ ዕቃ በዓይን አይቶ 0.03 ነው ወይስ 0.04 ብሎ የሚለይ ተቈጣጣሪ ግን የለም፤ መለኪያ መሣሪያ ለየወረዳው ያላደለ ሕግ በመለኪያ የተጻፈ ክልከላ ሊያስፈጽም አልቻለም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ ሕግ የውፍረቱን ነገር ትቶ አንድ ጊዜ ተገልግለውበት የሚጥሉትን ፌስታል በጠቅላላው ከልክሏል፤ አምራቹን ብቻ ሳይሆን ይዞ የተገኘውንም ግለሰብ በገንዘብ ይቀጣል። በግልጽነቱ ከቀደመው ይሻላል። ነገር ግን ከፋብሪካው በር ይልቅ በጕልቷ ሻጭ ላይ ቢበረታ፣ ድኻዋን ቀጥቶ አስመጪውን የሚያሳልፍ ይሆናል፤ ዘንቢሉና የጨርቅ ከረጢቱ በርካሽ ዋጋ እንዲቀርብም ከክልከላው ጋር አብሮ መታሰብ ይገባዋል።

አሁን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውና የብክለት ቍጥጥሩ አዋጆች ከሃያ ዓመት በላይ ስላስቈጠሩ፣ ሁለቱን የማሻሻሉ ሥራ ሲከናወን ሊታሰቡ የሚገባቸው ነገሮች ከላይ ካየነው ራሳቸው ይወጣሉ። የግምገማ ሰነድ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ በአዲስ አበባ መዝገብ ቤት መቀመጡ ቀርቶ፣ ሥራው በሚሠራበት ወረዳ በአገሬው ቋንቋ ይቀመጥ፤ ማጠቃለያውም በቀበሌ ስብሰባ ይነበብ። ከተወሰነው ልክ በላይ ፍሳሽ ወደ ወንዝ በሚለቅ ሰው ላይ አቤቱታ የቀረበ እንደ ሆነ፣ ናሙናውን በመንግሥት ወጪ አስመርምሮ ማቅረብ የባለሥልጣኑ ግዴታ ይሁን፤ ጉዳቱን አላደረስሁም ብሎ ማስረዳቱም በፋብሪካው ላይ ይውደቅ። በአንቀጽ 11 የሚቀርብ ክስ ከዳኝነት ክፍያ ነጻ ይሁን፤ ባለሥልጣኑም በየዓመቱ ስንት አቤቱታ እንደ ደረሰውና ለስንቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንደ ሰጠ ለምክር ቤቱ በይፋ ያቅርብ።